ከእንጦጦ እስከ ደብረ ሊባኖስ በእግር፦ ነጥቦቼ ካርታው ላይ ለምን ተዛነፉ?

የሱሉልታ_እግረኛ
ግንቦት 20፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ለግንቦት 12፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም፣ እንደ ልማዳችን ከእንጦጦ ማርያም ተነስተን በእግር ደብረ ሊባኖስ ገባን። አሥራ አራት ሆነን ወጥተን አሥራ ሦስት ሆነን ደረስን፤ አንዱን ጫማው ጫንጮ ላይ ከዳውና በአውቶቡስ ቀደመን። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ጫንጮ፣ ሁለተኛውን ሙከጡሪ አድረን በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳለምን።

ለእኔ አምስተኛ ጉዞዬ ሲሆን በአምስቱም የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ውሃ የት አለ? የሚቀጥለው ማረፊያ ምን ያህል ይቀረዋል?» በመንገድ የምናገኛቸው ሰዎች መልስም አንድ ነው፦ «እዚህ ጋ ነው፤ ደርሳችኋል።» ይህ «እዚህ ጋ» አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል።

ስለዚህ ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። ማንም ሰው ስልኩ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲያየው መንገዱንና ኬላዎቹን ኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም ሰው ሊጨምርበትና በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል የኢንተርኔት ካርታ) ላይ ላስገባ አሰብኩ። 23 ነጥቦች ሰብስቤያለሁ። ከዚያም በየአሥር ኪሎ ሜትሩ አንድ ቁጥር ያለው ኬላ እንዲኖርና ተጓዡ በየኬላው ማኅተም እንዲያስመታ እፈልጋለሁ።

ችግሬ ነጥቦቹን ካርታው ላይ ሳስቀምጣቸው ግማሾቹ ቦታቸውን መልቀቃቸው ነው። ውሃ የቀዳንበት ቧንቧ ረግረግ መሃል ገብቷል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ወድቋል። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው?

ቀያሽ_ነበርኩ
ግንቦት 20፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ ሥራህ ደስ ይላል። ጥፋቱን ለማግኘት ግን 23ቱን ነጥቦች ከምን ከምን እንዳገኘሃቸው ለይተህ ንገረኝ። ስልክህን ይዘህ ቦታው ላይ ቆመህ የመዘገብካቸው ስንት ናቸው? ከሰው የተቀበልካቸውስ? ከወረቀት ካርታ ላይ ያነበብካቸው አሉ?

ሌላም ልጠይቅህ፦ የቦታዎቹ የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪ ቁጥሮች ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስንት አሃዝ አላቸው?

የሱሉልታ_እግረኛ
ግንቦት 20፣ ከምሽቱ 3፡50

ለፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። አሥሩን እኔው በስልኬ መዝግቤያለሁ። ሰባቱን አጎቴ ቤት ካለ የድሮ የ1፡50,000 ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክቼ አወጣሁ። ስድስቱን የማኅበራችን ጸሐፊ በኤክሴል ልኮልኛል። የእርሱ ቁጥሮች 9.18 ዓይነት ናቸው፤ ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ።

ቀያሽ_ነበርኩ
ግንቦት 21፣ ከጠዋቱ 12፡55

አሁን ገባኝ። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ ላይ ይዘውሃል።

ቀላሉን ላስቀድም። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሁለተኛ አሃዝ እንግዲህ 1.1 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ኤክሴሉ ቁጥሩን ሲያጠጋጋው ነጥቡ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እስከ 550 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብም ያንኑ ያህል ሊሸሽ ይችላል። ረግረግ የገባው ቧንቧህ በእርግጠኝነት ከእነዚህ ስድስቱ አንዱ ነው። ጸሐፊያችሁ የመጀመሪያው መዝገብ ስልኩ ላይ ካለ አምስት አሃዝ ያለውን ይላክልህ፤ አምስተኛው አሃዝ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መጻፍ ደግሞ ከንቱ ነው፤ ጥሩ ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲገባ ይብስበታል።

ሁለተኛው በሽታ ጠለቅ ያለ ነው። ካርታ ሠሪ የምድርን ቅርጽ የሚወክል ስሌትና አንድ መነሻ መምረጥ ግድ ይለዋል። የድሮዎቹ የአገራችን የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ ስሙ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ነው። ስልክህና ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚጠቀሙት ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን የጂፒኤስ መነሻ ነው። የአንዱን ቁጥር ሳትቀይር በሌላው ላይ ካስቀመጥከው ነጥቡ በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ሽሽቱም በአብዛኛው ወደ ደቡብ፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ነው። ከአጥሩ የወጣው ቤተ ክርስቲያንህ ወደ ደቡብ ነው የወደቀው ወይስ ተሳስቻለሁ?

ካርታው ጥፋት የለበትም። ሰዎቹ ተራራ ለተራራ ወጥተው የሠሩት ሥራ ነው። የካርታው ኅዳግ ላይ በትንሽ ፊደል መነሻው ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም እንጂ።

የሱሉልታ_እግረኛ
ግንቦት 21፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወደ ደቡብ ነው! ሰባቱም! እኔ እኮ ማስመሪያዬን ስረግም ነው ያደርኩት።

ባለ_መቋሚያ
ግንቦት 21፣ ከሰዓት 9፡10

ልጄ፣ ስለ ቁጥሩ የሚያውቀው ተናግሯል። እኔ ስለ ቃሉ ልናገር።

«ኬላ» አትበለው። ኬላ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ ከረጢት የሚፈተሽበት፣ ሰው በፍርሃት የሚጠጋው ስፍራ ነው። ተሳላሚ ኬላ የለውም። በግዕዝ «ምዕራፍ» የሚባል ቃል አለን፤ ማረፊያ ማለት ነው። የመጽሐፉም ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ አንባቢ ደክሞት የሚያርፍበት ስለሆነ። እንግዲህ ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በ1961 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ምዕራፍ የምትቆጥረው በአሥር ኪሎ ሜትር አልነበረም። «እዚህ ጥላ አለ»፣ «እዚህ ሴትየዋ ደግ ናት»፣ «እዚህ ውሻ አለ፣ በትርህን ያዝ» እያለች ነበር። መጨረሻው ደግሞ መሳለሚያው ነው፤ ከአፋፉ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት መጀመሪያ ብቅ የሚልበት ቦታ። እዚያ ጫማችንን አውልቀን ሰግደን ነው ቁልቁል የምንወርደው። ዝርዝርህ ውስጥ መሳለሚያው አለ?

ሌላም ልጨምር። የምትጓዙበት ግንቦት 12 ሌላ ነገርም የሆነበት ቀን ነው። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች ለበዓሉ የተሰበሰበውን መነኩሴና ምእመን የያዙት በዚያ ቀን ነበር፤ በማግስቱም ላጋ ወልዴ በሚባል ስፍራ ብዙዎቹን ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለአለቆቹ ባስተላለፈው መልእክት 297 መነኮሳት ብሎ ቆጥሯል። ስፍራው ከመንገዳችሁ ወጣ ይላል። ቢሆንም የዚህን መንገድ ምዕራፎች የሚጽፍ ሰው ዘልሎት ሊያልፍ አይገባም እላለሁ።

የጫንጮ_ልጅ
ግንቦት 21፣ ከምሽቱ 1፡05

ስለ «እዚህ ጋ ነው» አንድ ነገር ልበል፤ ከሚሉት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ነው።

ፀሐይ ናላውን ያዞረው፣ እግሩን እየጎተተ የሚመጣ ሰው «ስንት ይቀራል?» ሲልህ «ሦስት ሰዓት» ብትለው እዚያው ይቀመጣል። ከተቀመጠ ደግሞ አይነሳም። «ደርሰሃል» ስትለው ይሄዳል። ውሸታሞች አይደለንም። ብትፈልግ ካርታህ ላይ እውነተኛውን ሰዓት ጻፈው፤ እኔ ግን ደጃፌ ላይ ለሚያልፈው ሰው እንደ ድሮዬ ነው የምመልሰው።

ከስፔን_የተመለሰች
ግንቦት 22፣ ከጠዋቱ 4፡20

ማኅተም ስለሚባለው ነገር ያየሁትን ላካፍል። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደውን መንገድ የመጨረሻ ክፍል ሄጄበታለሁ። እዚያ ተጓዡ አኮርዲዮን የመሰለ ተጣጣፊ መታወቂያ ይይዛል። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የጉዞውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት በእግር ቢያንስ የመጨረሻዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች መሄድ ያስፈልግ፣ በዚያ ክፍልም በቀን ሁለት ማኅተም ይጠየቅ ነበር። ማኅተሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ፣ ማደሪያ ቤት አለ፣ ቡና ቤትም አለ።

ጥቅሙን አልክድም። ሰው ያልነበረባቸው መንደሮች ማደሪያና ሻይ ቤት ከፍተው ይኖሩበታል። ግን ጉዳቱንም አይቻለሁ። አጠገቤ ስትሄድ የነበረች ሴት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሳ፣ ማኅተሟን አስመትታ፣ ውስጡን ሳታይ ሄደች። ወረቀቷ ሞላ።

እኔን ከማኅተሙ ይልቅ ልቤን የነካኝ ቢጫው ቀስት ነው። ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የበረት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ቢጫ ቀስት አለ። ይህን የጀመሩት ኤሊያስ ቫሊኛ የሚባሉ የኦ ሴብሬይሮ መንደር ቄስ ናቸው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ቢጫ ቀለም ጭነው መንገዱን ምልክት እያደረጉ ዞሩ። አንድ ቄስ በአንድ ባልዲ ቀለም! እኛስ መታጠፊያዎቹ ላይ ብቻ እንዲህ ብናደርግ?

በጃፓን ሺኮኩ ደሴት ላይ ደግሞ 88 ቤተ መቅደሶችን የሚያዞር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። በየቤተ መቅደሱ መጽሐፍ ላይ ማኅተምና የብሩሽ ጽሑፍ ይደረጋል። አልሄድኩበትም፤ የሄደ ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር ነግሮኛል፦ ጽሑፉ የሚሰጥበት ቢሮ የሥራ ሰዓት አለው። ሲዘጋ ከደረስክ ወይ ታድራለህ ወይ ሳይጻፍልህ ታልፋለህ። ስለዚህ ካርታ ላይ ማረፊያ ስታስገባ ሰዓቱንም አስገባ።

ባለ_መቋሚያ
ግንቦት 22፣ ከቀኑ 7፡45

እህቴ፣ ስለ ቄሱና ስለ ቀለሙ የጻፍሽው ደስ አሰኝቶኛል። ማኅተሙ ግን ይቅርብን። ዛሬ በነጻ ይመታል፣ በሚቀጥለው ዓመት አምስት ብር ይሆናል፣ ከዚያ የተመታለትና ያልተመታለት ተሳላሚ ይለያል። እናቴ ፊደል አትቆጥርም ነበር። ምስክሯ እግሯ ነበር፤ ሲያብጥ እኔ ነበርኩ የማሽላት።

ቀያሽ_ነበርኩ
ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 2፡00

ማኅተሙ ጥሩ ነው መጥፎ ነው በሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ከካርታው ደንብ አንጻር ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከተጀመረ ጀምሮ የሚመራበት አንድ ነገር አለ፦ መሬት ላይ ያለው ይሳላል፣ የሌለው አይሳልም። ሌላ ሰው ነገ ቦታው ድረስ ሄዶ ሊያረጋግጠው መቻል አለበት። «በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ኬላ ይኖራል» የሚለው ዕቅድህ ዕቅድ ነው። ምሰሶው ሲተከል ወይም ማኅተሙ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ያን ጊዜ ይሳላል። ዛሬ ብታስገባው ነሐሴ ላይ ካርታህን አምኖ የሚመጣ ሰው በዝናብ መሃል የሌለ ኬላ ሲፈልግ ይውላል።

ከሌላ ኩባንያ ካርታ ላይም ስም ወይም ነጥብ አትገልብጥ፤ ፈቃዱ አይፈቅድልህም። በእግርህ የሄድክበት፣ በዓይንህ ያየኸው፣ ከአካባቢው ሰው አፍ የሰማኸው ይበቃል። ላጋ ወልዴንም በዚሁ ዓይን እየው። ሄደህ ቆመህበት፣ እዚያ ያሉ ሰዎችን ጠይቀህ አስገባው። ከንባብ ብቻ ነጥብ አይወጣም።

የሱሉልታ_እግረኛ
ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 2፡35

እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ከፍቶኛል። ኬላ አትበል፣ ማኅተም አታስመታ፣ ያልተተከለ አትሳል። ታዲያ ምን ቀረኝ? አሥር ነጥብ?

የእግር_ነርስ
ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 4፡15

አሥሩ ብዙ ነው፤ አትከፋ።

በጉዞ ላይ የሰው እግር ማሰር ሥራዬ ነው። ማረፊያ የት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ ሰው ሳይስማማ የሚቀመጥበትን ቦታ እይ። ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ሱሉልታ ሲወረድ የጣት ጥፍር ጫማውን ይገፋል፤ ሜዳው እንደ ተጀመረ ካልሲ የሚወልቅበት አንድ ቦታ አለ፣ መሬቱ ላይ የቁስል ፕላስተር ታገኛለህ። ማንም ምልክት አልተከለበትም። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ቀድሜ እቆማለሁ፣ ሥራ አጥቼ አላውቅም።

ውሃ የቋጠረ እግር አታፍርጡ። ይህን ካርታው ላይ መጻፍ ከተቻለ ይጻፍልኝ።

የመድረኩ_አስተባባሪ
ግንቦት 23፣ ከጠዋቱ 2፡30

አንድ አባል የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥበቃን ስልክ ቁጥር እዚህ ለጥፎ ነበር፤ አንስተነዋል። በቅን ልቦና እንደተደረገ እናውቃለን፤ ያም ሆኖ የግለሰብ ስልክ አይለጠፍ።

የጫንጮ_ልጅ
ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 1፡40

የሱሉልታውን ወንድማችንን ላበረታታ፣ እግረ መንገዴንም ሁለት ስህተት ላርም።

የለጠፍከውን መስመር አየሁት። ከሱሉልታ ወደ እኛ የሚመጣው ክፍል ሜዳውን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ግንቦት ላይ ልክ ነህ፤ ደረቅ ነው፣ ከአስፋልቱም ያሳጥራል። ነሐሴ 24፣ ለዕረፍቱ በዓል በዚያ መስመር ሰው ብትልክ ግን እስከ ጉልበቱ ይገባል። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ነው፤ የሲቢሉ ወንዝም ይሞላል። ክረምት ላይ ተሳላሚው የአስፋልቱን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ደግሞ አደጋው ከባድ መኪና ነው። ስለዚህ አንድ መንገድ ሳይሆን ሁለት መንገድ አለህ፤ የበጋና የክረምት። ነጥቦችህም ከ5 እስከ 8 ያሉት በክረምት የሉም።

ሁለተኛው ስም ነው። አንዳንዶቹን በአማርኛ ተርጉመህ ጽፈሃል። አትተርጉም። የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን የኦሮምኛ ስም እንዳለ ጻፈው፤ ካርታው ለየቋንቋው የተለየ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ። ሙከጡሪ ላይ እንኳ «ሙካ» ዛፍ ማለት ነው። መንገደኛ ስሙን በትክክል ከያዘ ጠይቆ ይደርሳል፤ አንተ በፈጠርከው ስም ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ። ነጥብ 9 ብለህ «ውሃ፣ ነጻ» ያልከው የእናቴ ደጅ ነው። ስስቅ ነበር ያየሁት። በየዓመቱ በግንቦት 11 ሁለት ገንቦ ሞልታ በሩ ላይ ታስቀምጣለች፣ ቆርቆሮ ኩባያ በገመድ ታስራለች። ይህን የምታደርገው በዚያ ቀን ብቻ ነው። በሌላ ቀን ካርታህን አይቶ የሚመጣ ፈረንጅ በሩን ቢያንኳኳ እናቴ ቡና አፍልታ ታስተናግደዋለች፤ ሥራዋን ግን ታቆማለች። እባክህ አንሳው።

የሱሉልታ_እግረኛ
ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 2፡10

ያ የእናትህ ቤት ነው? ሦስት ዓመት ከዚያ ጠጥቻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ አሁኑኑ አነሳዋለሁ። እናትህን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከገዳም_አጠገብ
ግንቦት 24፣ ከጠዋቱ 12፡20

አብሬ አንድ ነገር ላሳስብ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከገዳሙ በላይ ገደሉ ውስጥ ሦስት ነጥቦች «ዋሻ» ተብለው አሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ውስጥ አባቶች አሉ። ሰው እንዳያገኛቸው ብለው የገቡ ናቸው። መሬት ላይ ያለ ሁሉ ይሳላል ከተባለ እነርሱም ይሳላሉ ማለት ነው? የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን ሳሉት፤ ለጎብኚ ነው፣ ጭላዳዎቹም እዚያ ይታያሉ። ዋሻዎቹን ግን ተዉአቸው።

ቀያሽ_ነበርኩ
ግንቦት 24፣ ከጠዋቱ 2፡05

አይሳሉም። ያለው ሁሉ ይሳል የሚል ደንብ የለም፤ የሌለው አይሳል ነው ያልኩት። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የቀየስኩትን ሁሉ ወረቀት ላይ አላወጣሁም።

ኪሎሜትር_ቆጣሪ
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 3፡30

ዘግይቼ ገባሁ። በማረፊያዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ፤ ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ከሽሮ ሜዳ የሚነሳ ሰው ለእንጦጦ ዳገት ብቻ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት በዚህ ያውቃል። ከርቀት ይልቅ ሰዓት ብትጽፉ ለሰው ይቀላል።

ባለ_መቋሚያ
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 3፡55

ስኮትላንዳዊው ሰው ጾመኛ አያቶችን አስገብቶ ነው ያሰላው? ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለችዋንስ? ነሐሴ ላይ ጭቃ ጫማህ ሥር ሁለት ኪሎ ሆኖ ሲጣበቅስ?

ኪሎሜትር_ቆጣሪ
ግንቦት 25፣ ከምሽቱ 4፡02

አባቴ፣ እሺ፤ በእጥፍ እናስላው።

የሱሉልታ_እግረኛ
ሰኔ 8፣ ከሰዓት 10፡15

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ በየእሑዱ መንገዱን እየቆራረጥኩ ደግሜ ሄድኩት። የደረስኩበትን ላስቀምጥ።

23 የነበሩት አሁን 14 ናቸው። ሁሉንም ቦታው ላይ ቆሜ፣ ስልኩን ጥቂት ደቂቃ አሳርፌ መዝግቤያለሁ፤ አምስት አሃዝ። ከአጎቴ ካርታ የወሰድኳቸውን ቁጥሮች ጣልኳቸው፤ ካርታውን ግን ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ፣ ኅዳጉንም አንብቤዋለሁ፤ «አዲንዳን» ይላል። የጸሐፊያችን ስልክ ወንዝ ውስጥ ስለገባ ስድስቱን እንደ አዲስ ፈለግኋቸው። ቧንቧው ከረግረጉ አራት መቶ ሜትር ርቆ፣ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ነው ያለው። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሰኞና ሐሙስ የሚለውን ጽፌበታለሁ።

መንገዱን በሁለት ከፈልኩት፤ የበጋው ሜዳውን ያቋርጣል፣ የክረምቱ የአስፋልቱን ዳር ይይዛል። የኦሮምኛ ስሞቹን የጫንጮ ልጅ አንድ በአንድ አርሞልኛል። ዋሻዎቹ የሉም። ነጥብ 9 የለም። ነርሷ ያለችውን ቦታ አገኘሁት፤ ፕላስተሮቹ እዚያው ነበሩ፣ ለቅሜ አቃጠልኳቸው። ካርታው ላይ «የመቀመጫ ድንጋይ» ብዬ አስገባሁት፤ ስለ እግር ያለችውን የምጽፍበት ቦታ ግን ካርታው ላይ የለም፣ ይቅርታ።

መሳለሚያው ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ጉልላቱ የሚታይበትን ትክክለኛ ቦታ ለማግኘት ወደ ኋላ አሥር እርምጃ፣ ወደ ፊት አሥር እርምጃ እያልኩ ነበር። አንዲት እናት መጥተው አጠገቤ ጫማቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ነጥቡን መዘገብኩ።

ላጋ ወልዴ አልሄድኩም። ከክረምት በኋላ የሚያውቅ ሰው ይዤ እሄዳለሁ።

የቢጫውን ቀለም ነገር ማኅበሩ ተነጋግሮበታል፤ ቀለሙን የሚገዛ ተገኝቷል፣ ማን ይቀባ የሚለው ላይ ግን አልተስማማንም።

ባለ_መቋሚያ
ሰኔ 8፣ ከምሽቱ 1፡20

ተባረክ። አንድ ነገር ብቻ። ነጥብ 11 ላይ «ትልቅ ጽድ፣ ጥላ» ብለሃል። ያ ጽድ እናቴ «የእኔ ዛፍ» የምትለው ነበር። ባለፈው ዓመት ሳልፍ ቆርጠውታል ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ ደክሞ በደንብ አላየሁም። ተሳስቼ ነው?

የሱሉልታ_እግረኛ
ሰኔ 8፣ ከምሽቱ 1፡45

አባቴ፣ እዚያ የደረስኩት መሽቶ ስለነበር ነጥቡን ብቻ ነው የመዘገብኩት። ዛፉን ያየሁት ያለፈው ጊዜ ይመስለኛል። የጫንጮ ልጅ፣ ለአንተ ቅርብ ነው፤ ታይልኛለህ?

የጫንጮ_ልጅ
ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 3፡10

ዛሬ ማለዳ በዚያ አለፍኩ። ተቆርጧል። ጉቶው ግን አለ፣ ሰፊ ነው፤ ላዩን አለስልሰውታል። ሳልፍ ሁለት ሰዎች ተቀምጠውበት ዳቦ ይበሉ ነበር።

የሱሉልታ_እግረኛ
ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 3፡40

ነጥብ 11ን ከዛፍ ወደ መቀመጫ ቀይሬዋለሁ። ጥላ የሚለውን አጥፍቻለሁ።